ስለ ፍትሕ ክሊፕ ስትሠሩ ማንን ትቀርጻላችሁ?

ጥያቄ፦ «ከደሴ የምንጽፍ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። በክበባችን ስም ስለ ማኅበራዊ ፍትሕና ስለ ሞራል ኃላፊነት የሙዚቃ ክሊፕ ልንሠራ ነው። ዜማው የታወቀ ዘፈን ነው፤ ቃሉን ብቻ ቀይረነዋል። አዝማቹ ‹ፍትሕ ለሁሉም፣ እኩልነት ለዓለም› ይላል። ፒያሳ የሚለምኑ እናቶችን፣ ሊስትሮዎችን፣ ጎዳና የሚያድሩ ልጆችን፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶችን እንቀርጻለን። ለእያንዳንዳቸው 50 ብር እንሰጣለን፤ ፊታቸውንም እናደበዝዘዋለን። ችግራችን ካሜራ ነው፤ ያለን ስልክ ብቻ ነው። ካሜራና ድሮን እንከራይ ወይስ በስልክ ይወጣል? መጀመሪያ በወላጆች ቀን አዳራሽ ውስጥ ይታያል፤ ከዚያ ዩቲዩብ ላይ እንጭነዋለን።»

ምላሽ፦ በስልክ ይወጣል። ካሜራም ድሮንም አትከራዩ። ድሮን ያለ ፈቃድ ከተማ ላይ ማብረር ከፖሊስ ጋር ያጋጫችኋል። ብታስፈቅዱም ለሐሳባችሁ የሚጨምረው ነገር የለም። ጦሳ ተራራ ከላይ ሲታይ ያምራል፤ ስለ ፍትሕ ግን አንድም ቃል አይናገርም። ለኪራይ የያዛችሁትን ብር አስቀምጡት፤ የት እንደሚውል በኋላ እነግራችኋለሁ።

ካሜራው ከችግሮቻችሁ ሁሉ ትንሹ ነው። ዜማው የእናንተ አይደለም። ርዕሱ ለአንድ ዘፈን በዝቷል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ልትቀርጿቸው ያሰባችኋቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ከዜማው ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል።

«ቃሉን ቀይረነዋል» እና «ለትምህርት ቤት ነው» ማለት አያድናችሁም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ዜማውን ለደራሲው ይሰጣል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ድረስ ነው። ሥራውን ለውጦ መጠቀምም የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። አዳራሹ ውስጥ ማንም ላይናገራችሁ ይችላል። ዩቲዩብ ላይ ግን ሥርዓቱ ራሱ ዜማውን ሊለየው ይችላል። ከዚያ ባለመብቱ ከፈለገ ያሳግደዋል፤ ካልፈለገ የማስታወቂያውን ገቢ ይወስዳል። «ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ችግር የለውም» የሚባለውም ወሬ ነው፤ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ ስለ ፍትሕ የሚዘፍን ክሊፕ ሳይጠየቅ በተወሰደ ዜማ ላይ መቆም የለበትም።

ደግሞስ ወሎ ላይ ተቀምጦ ዜማ መበደር ለምን አስፈለገ? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ አራቱም ቅኝቶች ሲነሱ ወሎ አብሮ ይነሳል። ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም። ከክፍላችሁ ክራር ወይም ማሲንቆ የሚሞክር፣ ካልሆነም ኪቦርድ የሚነካ ልጅ አይጠፋም። የድሮ የሕዝብ ዜማ መውሰድም ይቻላል። አንድ ድምፃዊ ያስቀዳውን ቅጂ ግን አትንኩ፤ ቅጂውና ቅንብሩ ባለቤት አላቸው። በእኔ በኩል ትዝታን አልመርጥላችሁም። ጉዳዩ ራሱ ከባድ ነው። ዜማውም ሲያሳዝን ተመልካቹ አልቅሶ ይወጣለታል፤ ከዚያ በኋላ ከእሱ የሚጠበቅ ነገር ያለ አይመስለውም። ባቲን በፈጠን ያለ ምት ሞክሩት።

አሁን ወደ ርዕሱ። «ፍትሕ ለሁሉም» ሲባል የማይስማማ ሰው አለ? የለም። ሁሉም የሚስማማበት አዝማች ደግሞ ማንንም አይነካም። ለማኝ፣ ሊስትሮ፣ የጎዳና ልጅና ከስደት ተመላሽ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሲደረደሩ አራት ታሪክ አይሆኑም። ሁሉም «ምስኪን» የሚባል አንድ ሰው ይሆናሉ። የእያንዳንዳቸው ችግር ግን መነሻው ለየብቻ ነው። ሊስትሮው ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ሌላው ቀርቶ ከለማኝ ጋር መመደቡን ራሱ አይወደውም።

ፍትሕና የሞራል ኃላፊነትም አንድ ነገር አይደሉም። ፍትሕ በአብዛኛው የሕግና የሥርዓት ጥያቄ ነው፤ ለማን ምን ይገባዋል፣ ማንስ ያስከብርለታል የሚል። የሞራል ኃላፊነት ደግሞ ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ላይ እኔ ምን ላድርግ የሚል ነው። ጥሩ ክሊፕ የሚወጣው ሁለቱ ከሚገናኙበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ ፍለጋ ፒያሳ መውረድ አያስፈልጋችሁም፤ ቤታችሁ ውስጥ አለ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የተቀጠረ ሰው መደበኛ የሥራ ሰዓቱ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ይላል። ይኸው አዋጅ ግን የቤት ሠራተኛዋን ከወሰኑ ውጭ አድርጓታል፤ የእሷ ነገር በሌላ ደንብ ይታይ ብሎ ትቶታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ እሷን የሚመለከቱ ጥቂት አንቀጾች አሉ፤ ማታ ስንት ሰዓት ሥራ እንደምታቆም ግን የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ የማታ ተማሪ ናቸው። እናንተ ደብተራችሁን ይዛችሁ ስትወጡ እነሱ ይገባሉ። ምናልባትም እናንተ በተቀመጣችሁበት ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

ታሪካችሁን ከዚህ አውጡት። እኔ ብሆን የምሠራውን ላሳያችሁ፤ ካልወደዳችሁት የራሳችሁን ፈልጉ። መጠኑን ግን ከዚህ አታስፉት።

አንድ ቤት፣ አንድ ቡና፣ ሦስት ስንኝ። የመጀመሪያው ስንኝ አቦል ነው። እንግዳ መጥቷል፤ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ልጅቷ ታፈላለች። የቤቱ ልጅ ሶፋ ላይ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። የእሷ ደብተር ጓዳ ውስጥ ከዱቄቱ ዕቃ ላይ ተቀምጧል፤ ካሜራው አንዴ ብቻ ያየዋል። ሁለተኛው ቶና ነው። ሰዓቱ 11 ተኩል ሆኗል፤ ትምህርት 12 ይጀምራል። ልጅቷ «ሰዓቴ ደርሷል» ትላለች። እሜቴ «በረካውን ሳይጠጡ እንግዶቼ ሊወጡ ነው?» ይላሉ። ልጁ ሰምቷል። ያኔውኑ ውኃ እንድታመጣለት ይጠይቃታል፤ ከልማድ የተነሳ እንጂ ከክፋት አይደለም። ሦስተኛው በረካ ነው። ልጁ ይነሳል። ጀበናውን ይቀበላታል፤ ይቀዳል፤ ስኒውንም ያጥባል። እሷ ደብተሯን አንስታ ትሮጣለች።

መካከል ላይ ከትምህርት ቤቱ የተቀረጸ አጭር አጭር ትዕይንት ይገባል። ልጁ ቀን ላይ ያቃተው የሒሳብ ጥያቄ ዴስኩ ላይ በእርሳስ ተጽፏል። በማግስቱ ከሥሩ የሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ መልሱን ሠርቶ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ ተመልካቹ እርሳሱን የያዘችው ማን እንደሆነች ያያል። ልጁ ግን አይወቅ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ አትስማሙም፤ ቢያውቅ ደስ ይላል ትላላችሁ። ቢያውቅ ግን ስኒውን ያጠበው ውለታ ለመመለስ ሆኖ ይቀራል። ሳያውቅ ካጠበ፣ ስለሚገባ አጠበ ማለት ነው። እሷም አታመስግነው። ወደ ትምህርቷ መሄዷ የእሱ ስጦታ አይደለም፤ የእሷ ሰዓት ነው። ሰዓቷን መጀመሪያ የጠየቀችውም ራሷ መሆኗን አትርሱ፤ ይህ ከጎደለ ክሊፑ ስለ ደግ ልጅ ይሆናል እንጂ ስለ እሷ አይሆንም።

ግጥሙም በዚህ ይለወጣል። «እኩልነት ለዓለም» ከማለት ይልቅ የሚታይ ነገር ጥሩ፦

አቦሉን ጠጣነው፣ ቶናውም ተቀድቷል፤
የሷ ደብተር ብቻ ጓዳ ውስጥ ተረስቷል።

ይህ ለምሳሌ ነው፤ እናንተ የተሻለ ትገጥማላችሁ። ስኒ፣ ደብተር፣ ሰዓት የሚሉ ቃላት በገቡበት ግጥም ላይ «ፍትሕ» የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ ባትጠሩት ማንም አያጣውም።

አሁን ስለ 50 ብሩና ስለ ፊት ማደብዘዙ። በዚህ ነገር ፈጽሞ አልደራደርም። እራት የሌላት ሴት ፊት ገንዘብ ይዞ ቆሞ «እንቅረጽሽ?» ማለት ፈቃድ መጠየቅ አይደለም፤ እምቢ ለማለት ምን አቅም አላት? ፊት ማደብዘዝም በደሴ መጠን ባለ ከተማ አይሠራም። ነጠላዋን፣ የምትቀመጥበትን ጥግ፣ አካሄዷን ሰፈሩ ያውቃል። ጭራሽ የደበዘዘ ፊት ሰውን ወንጀለኛ ያስመስላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትና ማባዛት ይከለክላል። አንቀጽ 28 አደባባይ ላይ ለሆነ ነገርና ለመሳሰሉት በር ይከፍታል፤ ብዙ ቀራጭ በዚያ በር ይገባል። አንድን ለማኝ ለይቶ፣ አቅርቦ፣ ዘፈን አልብሶ ማሳየት ግን አደባባዩን መቅረጽ አይደለም። ልጆቹን በተመለከተ ደግሞ፣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ በጽሑፍ ሳይፈቅድ የአንድም ልጅ ፊት አይግባ። ጎዳና ያለ ልጅ ፈራሚ የለውም፤ ስለዚህ አይቀረጽም።

ይህን አጥብቄ የምለው ስለ ወሎ ስለሆነም ነው። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ያ ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቆራርጦና ተቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በ1977ም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም እንደገና የዓለምን ስክሪን ሞላች። እነዚያ ምስሎች እርዳታ አምጥተዋል፤ የተደበቀውንም ገልጠዋል። ያንን አልክድም። የተቀረጹት ሰዎች ግን ስማቸው አልተጠየቀም። የረሃብ ፊት ሆነው ቀሩ። ዛሬም «ወሎ» ሲባል ያ ምስል የሚመጣበት ሰው አለ። የዚህ አገር ልጆች ሆናችሁ የአያቶቻችሁን ነገር በስልካችሁ ልትደግሙት አይገባም። ድህነትንና ጥጋብን ጎን ለጎን የማሳየት ቴክኒክ ኃይለኛ መሆኑን ታሪኩ ይነግራችኋል። ለዚያው ነው በጥንቃቄ የሚያዘው።

ስለዚህ ሁሉም ተዋናይ ከክፍላችሁ ይሁን። ልጅቷንም የክፍላችሁ ልጅ ትጫወታት። ከዚያ በፊት ግን የማታ ተማሪዎችን አነጋግሩ። ያለ ስልክ፣ ያለ ቀረጻ፣ ዝም ብላችሁ አድምጡ። ታሪኩን አንብቡላቸው። «እንዲህ አይደለም» ያሏችሁን አስተካክሉ። የገጠር አነጋገር እያስመሰላችሁ አታስቋቸው፤ በክሊፕና በድራማ የቤት ሠራተኛ ሁልጊዜ የምትሳቅባት ሰው ስለሆነች፣ ሳታስቡት ትገቡበታላችሁ። የገጸ ባሕሪዋን ዕድሜም 17 ወይም 18 አድርጉት። ከ15 ዓመት በታች ልጅ መቅጠር ራሱ ክልክል ነው። ታናሽ ካደረጋችኋት ታሪኩ ሌላ ወንጀል ይሆናል፤ ስለ ስኒ ማውራት አይበቃውም።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ድምፅ። ዘፈኑ ሙሉ በሙሉ ተቀድቶ ሳያልቅ አንድም ምስል አትቅረጹ። የካሜራው ብር የሚውለው እዚህ ነው፤ ድምፃዊዋን ግማሽ ቀን ስቱዲዮ አስገቡ። ስቱዲዮ ካልተገኘ ትንሽ መኝታ ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ። ስልኩን ከአፏ አንድ ስንዝር አርቁት። ምቱን በጆሮ ማዳመጫ ትስማ። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን አይታገሥም።

ሲቀረጽ ዘፈኑ በስፒከር ይከፈታል፤ ዘፋኟ ከላዩ ትዘፍናለች። አፏን ብቻ አታንቀሳቅስ፤ ድምፅ አውጥታ ትዝፈን፤ አለበለዚያ አንገቷ ላይ ይታወቃል። እያንዳንዱ ቀረጻ ሲጀመር አንዴ አጨብጭቡ፤ ኤዲት ላይ ድምፁንና ምስሉን በጭብጨባው ታገጣጥማላችሁ። ስልኩ ከስፒከሩ ከራቀ አንድ ችግር ይመጣል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስትቀርጹ፣ በየ14 ሜትሩ ርቀት አንድ ፍሬም ይዘገያል። 30 ሜትር ርቃችሁ የቀረጻችሁት ከንፈር ሁለት ፍሬም ያህል ይሳታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ጆሯችሁን ትታችሁ በዓይን አስተካክሉ።

ስልኩን 25 ፍሬም ላይ አድርጉት። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ በ30 ፍሬም የተቀረጸ የማታ ክፍል በአምፖሉ ምክንያት ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። የሻተር ፍጥነት (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ማስተካከያ ካለው 1/50 ሰከንድ ላይ ያዙት። ፊት ላይ ጣታችሁን አቆይታችሁ ብርሃኑንና ፎከሱን ቆልፉ፤ ካልተቆለፈ ሰው ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይጨልማል፣ ይነጣል።

ለቡናው ከመስኮት የሚገባ ብርሃን ይበቃል። ረከቦቱን በመስኮቱና በስልኩ መካከል አድርጉት፤ የዕጣኑ ጭስ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ነው። ሙሉውን ዘፈን ከሩቅ፣ ከመካከለኛና ከቅርብ ቅረጹት። እጅን፣ ስኒን፣ ሰዓትን ለብቻ ያዙ። ውጭ የምትቀርጹት ካለ ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከሰዓት ከ10 በኋላ ይሁን። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ጉም ከመጣ ግን ቅረጹ፤ ገንዘብ የማይገዛው ብርሃን ነው። የማታ ክፍሏን ከመቅረጻችሁ በፊት ፓወር ባንክ ቻርጅ አድርጉ፤ መብራት መጥፋቱን ከዕቅዱ ቁጠሩት።

ኤዲቱን ካፕከት በሚባለው የስልክ መተግበሪያ መሥራት ይቻላል። ዝግጁ ኤፌክቶቹን ተዉአቸው። በየምቱ አትቁረጡ፤ ልጁ ስኒ ሲያጥብ ያለ ቁርጥ 10 ሰከንድ ይቆይ። ብዙ ቤት የማይታይ ነገር ስለሆነ ተመልካቹ ዓይኑን አሳርፎ ይየው።

ጥቂት ጥንቃቄ ይቀረኛል። ከትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ያዙ፤ ከቤት ውጭ ከሆነ ለቀበሌው አሳውቁ። ባንክ፣ ድልድይና ፖሊስ ያለበትን ቦታ አትቅረጹ። የመሣሪያ ማስመሰያና የደንብ ልብስ ይዛችሁ መንገድ ላይ አትውጡ፤ ይህ ከተማ በ2014 ጦርነት አሳልፏል፣ ሰው ይደነግጣል። የቤቱን ሰዎች ሃይማኖትም ሆነ ብሔር ለይቶ የሚያሳብቅ ምልክት አታስገቡ። ወሎ ውስጥ ቡና የሁሉም ነው፤ ጥፋቱም የአንድ ወገን እንዳይመስል።

ወሰኑንም እወቁት። ክሊፕ አዋጅ አይለውጥም። ለስደተኛዋም ሆነ ለጎዳናው ልጅ የሚያደርገው ነገር ትንሽ ነው። የእናንተ ዕድል ሌላ ነው። በወላጆች ቀን አዳራሹን የሚሞሉት፣ ያቺ ልጅ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ትውጣ አትውጣ የሚወስኑት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ተመልካች በየቀኑ አይገኝም። ክሊፑን ለእነሱ ሥሩት። በሚሊዮን ለሚቆጠር የዩቲዩብ ተመልካች ብላችሁ ካሰፋችሁት፣ ፊት ለፊታችሁ የተቀመጡትን ታጡአቸዋላችሁ።

ከወላጆች ቀን በፊት ለማታ ተማሪዎቹ አሳዩአቸው። ክፍሉን ክፈቱላቸው፤ በላፕቶፕም ቢሆን ይበቃል። ይህ ይውጣ ያሉትን ያለ ክርክር አውጡ። ቀኑ ቢደርስባችሁ እንኳ ያላዩትን ክሊፕ አዳራሽ ውስጥ አታሳዩ። ዩቲዩቡ ይቆይ፤ የተዋንያኑ ወላጆች ሁሉ ፈርመው ሲያበቁ ትጭኑታላችሁ። ከመካከላቸው አንዱ ወላጅ እንኳ እምቢ ካለ፣ ያንን ተዋናይ ቀይራችሁ እንደገና ቅረጹ።